ሽማግሌን የሰረዝንበት ሳምንት

ያኔ ብታውቁኝ ኖሮ ስለ እኔ የምትሉት ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ «ጸጥ ያለች ናት።» ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ቢሮ ውስጥ ቲጂ ይሉኛል። ስብሰባ ላይ «ኦኬ» ብዬ እገባለሁ፣ «ኦኬ» ብዬ እወጣለሁ። ዳላስ አጠገብ ባለችው ፋርመርስ ብራንች ውስጥ በመጋዘኖች መሃል በተሰነቀረ ቢሮ ለጭነት መኪናዎች ሶፍትዌር እንሠራለን። የትኛው መኪና ምን ያህል ጭኖ በየትኛው መንገድ መሄድ እንዳለበት የሚወስን ሶፍትዌር ነው። ገብቼ፣ ሠርቼ፣ ሮውሌት ወደሚገኘው ቤቴ እመለሳለሁ። ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ «ኮምፒውተር ነው» እላለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ አልነበረም።

ታላቅ እህቴ ሰብለ ነርስ ናት። የኔ ሥራ ለሷ ሥራ አይደለም። «የኮምፒውተር ሥራ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ሰው ግን መታመሙን አይተውም» ትለኛለች። እኔም ድካም ቢጤ ተሰምቶኝ ስለነበር ለመከሩ የነርሲንግ ትምህርት ልትመዘግበኝ ስትጠይቀኝ «ኦኬ» አልኳት። ስክራብ የሚሉትን የነርስ ልብስ ሳይቀር ገዝታ ሰጥታኛለች፤ ሰማያዊ፣ ኪሱ ብዙ።

ከሥራዬ ያደከመኝ ቢልድ የምንለው ነገር ነው። የጻፍነውን ኮድ ሁሉ ሰብስቦ፣ አገጣጥሞ፣ የሚሠራ ፕሮግራም የሚያደርገው ሂደት ነው። የኛ ቢልድ ጠዋት ከተጀመረ ከምሳ በኋላ ነበር የሚያልቀው። አንዲት ፊደል ብትቀይሩም እንደዚያው። ታዲያ ሁሉም ከዚህ ችግር ጋር ተስማምቶ ኑሮውን መሥርቷል። «የት ነበርክ?» ሲባል «ቢልድ እየጠበቅሁ» ነው መልሱ። አንዱ ቢልድ እየጠበቀ ፀጉሩን ይቆረጣል። ሌላው ደግሞ ኤርፖርት ድረስ ሰው አድርሶ ክፍያውን ተቀብሎ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ ኮድ መሃል የሚያስቀኝ አንድ ላይብረሪ ነበር። ላይብረሪ ማለት አንዱ ቡድን ጽፎት ሌሎች የሚጠቀሙበት የኮድ ጥቅል ነው። የዚህኛው ስም ሽማግሌ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ፣ ነገር ግን ሽማግሌ። ፈረንጆቹ «ሺማጋል» ይሉታል። በገባሁ ሰሞን አለቃችንን ዳግን ስለሱ ጠይቄው ነበር። ዳግ ቡትስ ጫማ የማይለየው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ቴክሳሳዊ ነው።

«ከድሮዎቹ አንዱ የጻፈው ነው። አትንኪው» አለኝ።

«ለምን?»

«አንድ ልጅ ነክቶት መኪና ሁሉ ቆሞ ነበር።»

«ኦኬ» አልኩ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ዓርብ ጠዋት ነው። ከፍሪስኮው ዋና ቢሮ ብራያን የሚባል አዲስ ኃላፊ መጣና ሁላችንንም ሰበሰበን። ሸሚዙ እንደ ተተኮሰ ነው፣ ፊቱም እንደዚያው። ዳግ በጠረጴዛው በዚህ ጫፍ፣ ሊንዳ በዚያኛው ጫፍ ተቀምጠዋል። ሊንዳ የመንገድ ምርጫውን ኮድ የምትመራ፣ አጭርና ፈጣን ሴት ናት። ዳግ ደግሞ የጭነት ክብደቱን ይመራል። ሁለቱ እንደማይነጋገሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ በኢሜይል ብቻ፣ ያውም ሌላ ሰው ኮፒ አድርገው።

«አንድ ፊደል ብቀይር መቼ ነው ውጤቱን የማየው?» አለ ብራያን።

«ጠዋት ብትቀይር ከምሳ በኋላ» አለ ዳግ።

«ለምን?»

«ትልቅ ሲስተም ነው።»

«ትልቅ ስለሆነ አይደለም» አለች ሊንዳ። ለዳግ አይደለም የተናገረችው፤ ለግድግዳው ነው።

ብራያን ላፕቶፑን ዘጋና ቡናውን ወደ ራሱ ሳበ። ሥራውን ሙሉ በሙሉ ለውጭ ድርጅት ሰጥቶ ከዜሮ ለማስጻፍ እንዳሰበ ነገረን። የእያንዳንዳችንን ሁኔታ በኋላ እንደሚያሳውቀን ጨመረ። ይህ አባባል እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ መተርጎም አያስፈልግም። ሁሉም ጠረጴዛውን አየ።

በዚህ ጊዜ አንድ ድምፅ «ቡናህ ሳይቀዘቅዝ ሊያልቅ ይችላል» ሲል ሰማሁ።

ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ልል ስል ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞሯል።

«ምኑ ነው የሚያልቀው?» አለ ብራያን።

«ቢልዱ።»

«ስምሽ ማነው?»

«ቲጂ።»

ትንሽ አየኝና ሳቅ ሊመስል ምንም ያልቀረው ነገር ፊቱ ላይ አለፈ። «ሐሙስ እመለሳለሁ። ቡናዬን ይዤ።»

ከስብሰባው ስንወጣ ሳሮን ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ከቢሮው ሰው አማርኛ የምንነጋገረው እኔና እሷ ብቻ ነን። እዚሁ ዳላስ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ከቤት የተማረችው ስለሆነ ሲቸኩልባት ይወላገዳል።

«ቲጂ፣ አንቺ ክሬዚ ነሽ? ማለቴ፣ ሲሪየስሊ፣ እንዴት ነው የምናደርገው?»

«አላውቅም።»

«አታውቂም?»

«አፌ ነው የተናገረው። እኔ አልነበርኩም።»

«ሶ አፍሽ ኮድ ይችላል?» አለችኝ። ሁለታችንም ኮሪደሩ ላይ ቆመን እስኪያመን ሳቅን። ፍርሃት አንዳንዴ እንደዚያ ያደርጋል።

ከሰዓት በኋላ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ሽማግሌን ከኮዱ መሃል አወጣሁት። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። ሌሎቹ ላይብረሪዎች በሙሉ «ይሄ ጠፋብኝ፣ ያ ጠፋብኝ» ይላሉ። ተቀምጬ ሳነበው ነገሩ ገባኝ። ሽማግሌ ራሱ የሚሠራው ይህን ያህል ሥራ የለውም። የዳግ ላይብረሪ የሊንዳን ይፈልጋል፣ የሊንዳም የዳግን ይፈልጋል፤ አንዱ ካልተሠራ ሌላው አይሠራም። ሽማግሌ መሃል ገብቶ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ቀድቶ ሁለቱንም ተሸክሟል። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው ሁሉ ለራሱ የሚያስፈልገውን ከመዘርዘር ይልቅ «ሽማግሌን አምጣ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁሉም ነገር ይመጣለታል። ስለዚህ የትም ቦታ አንዲት ፊደል ስትነካ፣ ሽማግሌ ይነካል። ሽማግሌ ሲነካ ደግሞ መላው አገር እንደገና ይሠራል።

«ኦልድ ማን ማለት ነው አይደል?» አለች ሳሮን ስሙን ስታይ።

«ሰው ሲጣላ መሃል የሚገባው ነው።»

«ኦ። ሶ እነዚህ ሁለቱ የተጣሉ ናቸው?»

«ላይብረሪዎቹ?»

«እኔንጃ» አለች። «ላይብረሪዎቹም፣ ሰዎቹም።»

እሑድ ጋርላንድ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ወጥተን ፓርኪንጉ ላይ ይህንኑ እያወራን ነበር። ጋሽ መኮንን የመዘምራኑን ስፒከር ወደ ፒክአፕ መኪናቸው እየጫኑ ነው። ጋሽ መኮንን ጡረታ የወጡ፣ የሮውሌትን ሐይቅ ዓሣ የሚያሳድዱ፣ የድምፁን ነገር በተመለከተ ከመዘምራን ሁሉ ጋር የሚከራከሩ ሰው ናቸው። እኔ የማውቃቸው በዚሁ ብቻ ነበር።

«ሽማግሌን ካላወጣን ሐሙስ አለቀልን» አልኳት ለሳሮን።

ጋሽ መኮንን ስፒከሩን እንዳቀፉ ቆሙ። «የቱን ሽማግሌ?»

«የሥራ ነገር ነው ጋሼ። ላይብረሪ ነው፣ የኮምፒውተር።»

«ፋርመርስ ብራንች? የመኪናዎቹ?»

«አዎ።»

ስፒከሩን መሬት አስቀመጡት። «እስካሁን አልሞተም እንዴ?»

ሳሮን አፏን ያዘች። «ጋሼ፣ እርስዎ ናቸው የጻፉት?»

«ለጊዜው ብዬ ነዋ። ዳግና ሊንዳ ተኮራርፈው አንዱ የሌላውን ኮድ አልነካም፣ የኔንም አታስነካ አሉ። እቃው መድረስ አለበት። መሃል ገብቼ አንድ ነገር ሠራሁና ስሙን እንደ ቀልድ ሽማግሌ አልኩት። እስኪታረቁ ብዬ።»

«አልታረቁም» አልኳቸው።

«አሁንም?»

«ኢሜይል ነው የሚጻጻፉት።»

ጋሽ መኮንን ፒክአፓቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። ከዚያ በድንገት ሳቃቸውን አቆሙ። «የተጣሉበትን ምክንያት ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ታውቂያለሽ? ሁለቱን ኮድ አስማማሁ፣ ሰዎቹን ተውኳቸው። ሰነፍ ሽማግሌ ነበርኩ።»

«ኮዱን እንዴት እንደምንፈታው ይነግሩናል ታዲያ?»

«ኮዱን? ልጄ፣ አንዲት መስመር አላስታውስም» አሉ። «እኔ አሁን የማውቀው ካትፊሽ የሚሉትን ዓሣ ማጥመድ ነው።»

ስለዚህ ኮዱ የኛ ዕዳ ሆነ። ሰኞና ማክሰኞ እኔና ሳሮን ከወንበራችን አልተነሣንም። እያንዳንዱን ላይብረሪ እየከፈትን «አንተ በእውነት የሚያስፈልግህ ማን ነው?» እያልን ጠየቅነው። መልሱን በራሱ ስም ጻፍንለት። አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው ትንሽ ነው፤ የቀረውን ሲሸከሙ የኖሩት በልማድ ነው። የዳግና የሊንዳ እሰጥ አገባ ደግሞ በአንድ ሠንጠረዥ ምክንያት ሆኖ አገኘነው፤ የትኛው ድልድይ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል የሚናገር ሠንጠረዥ። ክብደት ስላለበት የዳግ ነው፣ መንገድ ስላለበት የሊንዳ ነው። ከሁለቱም አውጥተን ለብቻው አንድ ትንሽ ላይብረሪ አደረግነው። አሁን ሁለቱም ከሱ ይወስዳሉ፣ እርስ በርስ አይፈላለጉም።

በመንገዳችን ላይ የጨረቃን መጠን የሚያሰላ ላይብረሪ አገኘን።

«የጭነት መኪና ጨረቃ ምን ያደርግለታል?» አልኳት።

«ሜይቢ ሹፌሩ ዌርዎልፍ ነው፣ ጨረቃ ስትሞላ ተኩላ የሚሆነው» አለች ሳሮን፣ ከስክሪኗ ዓይኗን ሳታነሣ። አወጣነው። ማንም አልጮኸም።

ማክሰኞ ከሰዓት ቢልዱ በኔ ኮምፒውተር ላይ አለቀ። ሳሮን ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ አልቋል። ሁለታችንም ተጠራጥረን ደግመን አስኬድነው። ደግሞ አለቀ።

የቀረን ፊርማ ነው። የቢሯችን ደንብ የማንንም ኮድ ያለባለቤቱ ፈቃድ መቀየር ይከለክላል። ባለቤቱ ለውጡን አይቶ አፕሩቭ ማድረግ አለበት። ዳግ ጋ ሄድኩ። አየው፣ አገጩን አከከ። «ጥሩ ነው። ሊንዳ ታድርግና አደርጋለሁ።» ሊንዳ ጋ ሄድኩ። «ጥሩ ነው» አለች። «እሱ ያድርግና አደርጋለሁ።» ተመልሼ ዳግ ጋ ሄድኩ። ተመልሼ ሊንዳ ጋ ሄድኩ። ምንጣፉ ላይ መንገድ ሳላወጣ አልቀረሁም።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ለጋሽ መኮንን ደወልኩ። «ጋሼ፣ ሥራውን አልጨረሱትም» አልኳቸው። እንደዚህ ለትልቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም።

«ነገ ስንት ሰዓት?» አሉኝ።

ረቡዕ ጠዋት በዚያ በሚያቃጥል ሙቀት ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ትንሽ የበረዶ ሳጥን በእጃቸው አንጠልጥለው መጡ። የእንግዳ ስቲከር ደረታቸው ላይ ለጠፍኩላቸው። ለዳግ «ማክ ሊጠይቅህ መጥቷል» አልኩት፤ ድሮ እንደዚያ ነበር የሚጠሯቸው። ለሊንዳም «ማክ ሊጠይቅሽ መጥቷል» አልኳት። ሁለቱንም ወደ አንድ ትንሽ የስብሰባ ክፍል ላክኋቸው። ሌላው እንዳለ ለማንም አልነገርኩም። ውሸት አይደለም፤ ዝም ማለት ነው። ዝምታ ላይ ደግሞ ልምድ ነበረኝ።

ዳግ ሲገባ ጋሽ መኮንንን አቅፎ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገ። ሊንዳ ስትገባ ፈገግታዋ በሩ ላይ ቀረ። ጋሽ መኮንን ግን ቀድመው ተነሥተው ወንበር ሳቡላት፤ እምቢ ማለት አልቻለችም። እኔና ሳሮን ለመውጣት ስንል በእጃቸው «ቁጭ በሉ» አሉን። ሳጥኑን ከፍተው ለሁለቱም የቀዘቀዘ ካትፊሽ ሰጧቸው። ሁለቱም ዓሣቸውን ይዘው ተቀመጡ። ዓሣ ይዞ መኮሳተር ከባድ ነው።

በእንግሊዝኛ ነው የተነጋገሩት። የማስታውሰውን ያህል እንዲህ ነበር።

«ያን ጊዜ ልጠይቃችሁ ይገባኝ የነበረውን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉ ጋሽ መኮንን። «የተጣላችሁት በምንድን ነው?»

«በአሠራር አለመስማማት ነው» አለ ዳግ።

«የድልድዩ ሠንጠረዥ» አለች ሊንዳ።

«እሺ። ከሠንጠረዡ በፊትስ?»

ሳሮን እግሬን በእግሯ ነካችኝ። ሊንዳ ዓሣዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዛፉ ነው» አለች።

እኔ ስለ የትኛው ዛፍ እንደምታወራ አልገባኝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ፓርኪንጉ ላይ አንድ ትልቅ የፔካን ዛፍ ነበር። በቴክሳስ ሐምሌ ጥላ ሥር ፓርክ ያደረገና ፀሐይ ላይ ፓርክ ያደረገ ሰው በተለያየ አገር እንደሚኖሩ ቁጠሩት። ሊንዳ ሁልጊዜ ማልዳ ስለምትመጣ ቦታው የሷ ነበር። አንድ ቀን ስትመጣ የዳግ መኪና ቆሞበታል። ለቢሮው ሰው ሁሉ ስለ ሥነ ምግባር ኢሜይል ላከች።

«ውሻዬ መኪናው ውስጥ ነበር» አለ ዳግ፣ ቡትሱን እያየ።

«ምን?»

«አርጅቶ ነበር። ወደ ሐኪም እየወሰድኩት ቁልፍ ረስቼ ለአፍታ ነው የገባሁት፤ ሙቀቱን አይችልም። በዚያው ቀን ሞተ። ስመለስ ኢሜይልሽን አገኘሁት።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ሊንዳ።

«ለሁሉም ነው የላክሽው» አለ ዳግ። «ለሁሉም መልስ መስጠት አልፈለግሁም።»

ዛፉ የመጋዘን መንገድ ሲሰፋ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ በመስኮቱ ብናይ የሚታየን ኮንክሪት ብቻ ነበር። ማናችንም ግን በመስኮቱ አላየንም። ሊንዳ «የውሻህ ስም ማን ነበር?» አለች። ዳግ ነገራት።

«በሉ» አሉ ጋሽ መኮንን። «እኛ አገር ቢሆን ጉልበት ስማችሁ፣ ተመርቃችሁ ትሄዱ ነበር። እዚህ ክሊክ ይበቃል።» ሳሮን ላፕቶፑን ወደ መሃል ገፋችው። ሊንዳ አፕሩቭ አደረገች። ዳግ አፕሩቭ አደረገ። ዓሣቸውን ይዘው ወጡ።

ሐሙስ ብራያን ከነቡናው መጣ። ከክዳኑ እንፋሎት ይወጣል። ሰው ሁሉ ዙሪያዬን ቆመ። ቢልዱን የሁላችን የጋራ ኮምፒውተር በሆነው ሰርቨር ላይ አስጀመርኩት። መስመሮቹ መሮጥ ጀመሩ፤ ሳሮን በጆሮዬ «ጂሰስ፣ ጂሰስ» ትላለች፣ ጸሎት ይሁን ሌላ ነገር አልገባኝም። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀይ። የድልድዩ ሠንጠረዥ አልተገኘም ይላል።

በኔ ኮምፒውተር ላይ የሠራው የሠንጠረዡ አሮጌ ቅጂ ከሽማግሌ ዘመን ተርፎ ስለነበረ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ንጹሑ ሰርቨር ላይ ያ ቅጂ የለም። የት እንደጎደለ ግን በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ማሰብ አቃተኝ። ብራያን ቡናውን አየ።

«ተነሺ የኔ ውድ» አለች ሊንዳ። ወንበሬ ላይ ተቀምጣ የዳግን ላይብረሪ ከፈተች፤ ራሷ ከከፈተችው ስንት ዘመኗ። አንድ መስመር መጻፍ ጀመረች።

«አንድ ፊደል ዘለልሽ» አለ ዳግ ከጀርባዋ ጎንበስ ብሎ።

«አይቼዋለሁ።»

«አላየሽውም።»

«ዳግ፣ አይቼዋለሁ አልኩህ።»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሁለቱ እየተነጋገሩ ነው። ሊንዳ ፊደሏን አስተካከለችና አስጀመረችው። መስመሮቹ ሮጡ፣ ሮጡ፣ አለቀ። አረንጓዴ።

ብራያን ክዳኑን ከፍቶ ቡናውን ቀመሰ። «ሞቅ ይላል» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረና እስከ ዛሬ የሚከተለኝን ጥያቄ ጠየቀኝ። «ይህን ማድረግ የምትችዪ ከሆነ እስካሁን ለምን አልተናገርሽም?»

«ኦኬ» ማለት አልቻልኩም፤ ጥያቄው «ኦኬ» አያስመልስም።

የውጭ ድርጅቱ ነገር ቀረ። ከቡድናችን የተባረረ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ለሰብለ ደውዬ ነርሲንጉን እንደማልጀምር ነገርኳት። «አብደሻል» አለችኝ፤ ስክራቡን መጥታ ወሰደች፤ ለራሷ ልክ ነበር። ጋሽ መኮንን ደግሞ ሽማግሌን መሰረዛችንን ስነግራቸው ቅር አላቸው። «ሽማግሌ ሥራውን ሲጨርስ ይሸኛል እንጂ ይሰረዛል እንዴ?» አሉኝ።

ሁሉም ደስ ብሎታል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ኤርፖርት ይመላለስ የነበረው ባልደረባችን ለረጅም ጊዜ ሰላም አላለኝም። ፀጉሩን የሚቆረጠውም አሁን ፀጉሩ ረዝሟል። ጠዋት ሁሉ የሚያስኬድ ምክንያት ነጥቄያቸዋለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ይህ ነገር ምን እንደቀየረልኝ ብትጠይቁኝ ትልቅ ነገር አይመስልም። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ውስብስብ ነገር ሳይ ከጀርባው ከኔ የሚበልጥ ሰው ያሰበበት ከባድ ምክንያት ያለ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ በእርግጥ አለ። ብዙ ጊዜ ግን አንድ ሰው ለጊዜው ብሎ ያስቀመጠው ነው፤ የተቀረነው አክብረን ስንዞረው እንኖራለን። በየቤታችሁና በየቢሯችሁ «አትንኩት» የተባላችሁት ነገር ካለ ቢያንስ ማን እንዳስቀመጠው ጠይቁ። አስቀማጩ አጠገባችሁ ስፒከር እየጫነ ሊሆን ይችላል። አሁን ስብሰባ ላይ እናገራለሁ፤ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ፤ ሳሮን በጠረጴዛ ሥር ትረግጠኛለች።

ስለ ዳግና ሊንዳ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ታረቁ ወይ? ይሉኛል። አልታረቁም። ይኸው ዛሬ ጠዋት እንኳ ስለ አንድ ድልድይ ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው እስከ ወንበሬ ይሰማ ነበር። ልዩነቱ አሁን ፊት ለፊት ነው የሚጣሉት፤ ከምሳ በፊትም ይጨርሳሉ።